የቃላት ሹም ሽር

በሰፈራችን «ቲቸር» ሲባል ሁለተኛ የሚጠረጠር ሰው የለም። ዕድሜ ልካቸውን እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ እንግሊዝኛው ግን ከእሳቸው ጡረታ አልወጣም። ማታ ማታ አስፋልቱ ዳር ካለችው ግሮሰሪ በረንዳ ላይ ይቀመጡና አንዲት ቢራ ይዘው የቋንቋውን ጤንነት ይከታተላሉ። በአጠገባቸው የሚያልፍ ወጣት አፉን በእንግሊዝኛ ከከፈተ ወዮለት።

«ኦውሰም አለ እኮ! ሰማኸው?» ይሉኛል። «ምኑን መሰለህ ኦውሰም ያለው? ሽሮውን!»

በእሳቸው መዝገብ ኦውሰም የሚባለው በሲና ተራራ ላይ ነጎድጓድና ጭስ ሲወርድ ሕዝቡ የተንቀጠቀጠበት ዓይነት ነገር ነው። ሽሮ የቱንም ያህል እየተንተከተከ ቢቀርብ እዚያ ደረጃ አይደርስም። «ቴሪፊክ»ም እንደዚሁ ያበሳጫቸዋል። ከ«ቴረር» ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው፤ ድሮ ሰውን በፍርሃት የሚያርድ ማለት ነበር፤ ዛሬ የልደት ኬክ ማሞገሻ ሆኗል። ከሁሉ የሚብስባቸው ግን «ሊተራሊ» ነው። ቃል በቃል፣ ያለ ጭማሪ ማለት ነው ብለው ያስተማሩት እሳቸው ናቸዋ! አንድ ቀን በሳቅ «ሊተራሊ ሞትኩ» ያለችን ልጅ በዓይናቸው ሲከተሏት ቆይተው፣ «ሬሳዋ ታክሲ ተሳፈረ» አሉኝ።

ቲቸርን እወዳቸዋለሁ። ክርክራቸው ግን አንድ ቀዳዳ አለበት፤ ቀዳዳውም ያለው ራሳቸው ለተማሪ ሁሉ ሲያስነብቡት በኖሩት መጽሐፍ ውስጥ ነው። ማርክ ትዌይን «ቶም ሶየር»ን ያሳተመው በ1876 ነው፤ የፈረንጅ ጉዳይ ነውና ዓመቶቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር እንጥራቸው። ቶም አጥር እንዲቀባ ይቀጣል፤ ቅጣቱን ግን ለጓደኞቹ እንደ ትልቅ ዕድል አድርጎ ይሸጥላቸዋል። በክፍያ የሰበሰበው ንብረት ሲቆጠር የሞተ አይጥ ከነማወዛወዣ ክሩ፣ አንድ ዓይና የድመት ግልገል፣ ምንም የማይከፍት ቁልፍ፣ ውሻ የሌለው የውሻ አንገት ማሰሪያ ይገኝበታል። ትዌይን ታዲያ የልጁን ባለጸግነት ሲገልጽ የመዘዘው ቃል «ሊተራሊ» ነው። ታክሲ የተሳፈረችው ሟች እንግዲህ ቀላል የማይባል ጠበቃ አላት።

ቅሬታውም ቢሆን የቲቸር ፈጠራ አይደለም። የ«ጉሊቨር» ደራሲ ጆናታን ስዊፍት በ1712 ለዘመኑ ኃያል ሚኒስትር ለኦክስፎርድ ሹም ማመልከቻ ጽፎ ነበር። እንግሊዝኛ እየተበላሸ ስለሆነ ሊቃውንት ተሰብስበው ያርሙት፣ ካረሙት በኋላም ለዘለዓለም እንዳይነቃነቅ ያድርጉት ነው የሚለው። ስዊፍትን ካንገበገቡት ቃላት አንዷ «ሞብ» ነበረች። ረብሸኛ ሕዝብ ማለት ናት፤ ከረጅም የላቲን ሐረግ ተቆርጣ የተወሰደች የሰነፍ አፍ ቃል ናት ብሎ ጠምዶ ያዛት። በ1714 ሚኒስትሩም ተሻረ፣ ንግሥት አንም ሞተች፣ ጉባኤውም ሳይቋቋም ቀረ። ዛሬ «ሞብ» ሲባል ሰምቶ ልቡ የሚቆስል እንግሊዛዊ በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም።

ከእሱ በኋላ ሳሙኤል ጆንሰን መጣ። በ1755 ከአርባ ሺህ በላይ ቃላት የያዘውን ዝነኛ መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ፣ ሥራውን የጀመረው ቋንቋውን አንድ ቦታ ላይ ለማቆም ተስፋ አድርጎ እንደነበረ፣ ሲጨርስ ግን ተስፋው ከንቱ መሆኑ እንደገባው በመቅድሙ ላይ ሳይደብቅ ጻፈ። የኦክስፎርዱ ታላቅ መዝገበ ቃላት ደግሞ የመጀመሪያው ክፍል በ1884፣ የመጨረሻው በ1928 ወጣ። ዋናው አዘጋጅ ጄምስ መሪ ፍጻሜውን ሳያይ በ1915 ዐረፈ። የተረፉት ባልደረቦቹ እንደምንም ዜድ ላይ ቢደርሱ ኤ አርጅታ ጠበቀቻቸው፤ በ1933 ሌላ ማሟያ ጥራዝ ማውጣት ግድ ሆነ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ መዝገበ ቃላት ሹመት እንደማይሰጥ ነው። የተሾመውንና የተሻረውን ከኋላ እየደረሰ ይመዘግባል እንጂ። የቃላት ኑሮ የድሮ ቤተ መንግሥት ኑሮ ነው። ዛሬ ካባ የተደረበለት ነገ ግዛቱ ይወሰድበታል፤ ትናንት በር ላይ ደጅ ሲጠና የነበረው ዛሬ ከቀኝ በኩል ይቀመጣል። ሻሚና ሻሪው ደግሞ ዘውድ የጫነ ንጉሥ ሳይሆን መንገድ ላይ የሚያወራው ሰው ነው። ሰው ያከበረው ሰው ስሙ ይከበራል፤ የናቀው ሰው ስሙ ስድብ ይሆናል።

ግዛት ከተወሰደባቸው ልጀምር። «ሚት» ዛሬ ሥጋ ነው፤ ጥንት ግን የሚበላ ነገር ሁሉ ነበር። በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ ተተርጉሞ በ1611 የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ ቢገልጡ፣ ኦሪት ዘፍጥረት ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ እግዚአብሔር ለአዳም ልጆች «ሚት» እንዲሆናቸው የሚሰጣቸው ቡቃያና የዛፍ ፍሬ ነው። በዚያ እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ሁዳዴን ሙሉ ሚት ሲበላ ቢከርም ጾሙ አይፈርስም። «ዲር»ም የአራዊት ሁሉ መጠሪያ ነበር፤ የሥጋ ዘመዱ የጀርመንኛው «ቲር» እስከ ዛሬ ያንን ሰፊ ግዛት ይዞ ተቀምጧል። እንግሊዝ አገር ግን ከፈረንሳይኛና ከላቲን የመጡ ቃላት አንበሳውንም ዝሆኑንም ቀምተው ለባለ ቀንዱ አጋዘን ብቻ ዘበኛ አድርገው ተዉት። «ገርል»ም በገጣሚው ቾሰር ዘመን፣ በ14ኛው ምዕተ ዓመት፣ ወንድም ሴትም ልጅ የሚጠራበት ስም ነበር። ወንዶቹ መቼ ተሰብስበው እንደወጡ ራሳቸውም ልብ ያሉት አይመስለኝም።

ነገሩ የሚጣፍጠው ግን ከተሻሩትና ከተሾሙት ዘንድ ነው። የፊልሙን ክፉ ሰው «ቪለን» እንላለን። ይህ ቃል ሲወለድ ክፋት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ በላቲን «ቪላ» በሚባለው የባለጸጋ ርስት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ማለት ነበር። ያ ምስኪን ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ውሎ፣ እህሉን ለጌታው አስረክቦ፣ በመጨረሻ ስሙ ለወንበዴ ተሰጠበት። «ቡር» የሚባለው ባለጌም እንደዚሁ ገበሬ ነበር። «ኔቭ» ማለት ልጅ፣ ብላቴና ማለት ነበር፤ የሰው ቤት አገልጋይ ሲሆን አጭበርባሪ ተባለ። «ናይት»ም አጀማመሩ ከኔቭ የተለየ አልነበረም፤ እሱም ብላቴና፣ እሱም አገልጋይ ነው። ጀርመኖች ዛሬም «ክኔኽት» ሲሉ ሎሌ ማለታቸው ነው። እንግሊዛዊው ናይት ግን ፈረስ ላይ ወጣ። ፈረስ ላይ የወጣው ብላቴና «ሰር» ተባለ፤ በእግሩ የቀረው ሌባ ተባለ። በሁለቱ መካከል ያለው የሥነ ምግባር ልዩነት አንድ ፈረስ ነው።

«አይ የእንግሊዝ ጉድ» ብላችሁ ከመገረማችሁ በፊት ወደ ራሳችን ዞር በሉ። ባላገር ማለት ባለ አገር፣ አገር ያለው ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ማዕረግ አለ? ከተማ ገብቶ በከተሜ አፍ ሲያልፍ ግን አስፋልት መሻገር የማያውቅ ሰው መስደቢያ ሆነ። ስድቡን የሚሰነዝረው አገር የሌለው የቤት ተከራይ መሆኑን ልብ ይሏል። ባላባት ደግሞ ባለ አባት ነው፤ ሌላው ከሰማይ የወረደ ይመስል አባት ያለው መሆን ብቻውን አሾመው። ቪለንና ናይት እኛ ዘንድ ባላገርና ባላባት ሆነው አብረውን ይኖራሉ።

«ሎርድ» የሚባለውን ማዕረግ እስከ ሥሩ ቢቆፍሩት የሚያገኙት ዳቦ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ዳቦ ጠባቂ ማለት ነበር፤ ሚስቱ «ሌዲ» ደግሞ ዳቦ አቡኪ ነበረች። የእንግሊዙ የሎርዶች ምክር ቤት እንግዲህ በስሙ ከሄድን የዳቦ ዘበኞች ሸንጎ ነው። መተዳደሪያውን «እንጀራዬ» ለሚል ሕዝብ ይህ ብዙ ማብራሪያ አይጠይቅም፤ መሶቡን የያዘ ጌታ ነው። ግን ተመልከቱ፤ ሊጥ ያቦካችው ሌዲ ስትሾም፣ ቤቱን በሙሉ ያስተዳደረችው «ሃውስዋይፍ» አንድ እግሯ ተንሸራቶ «ሀሲ» ሆነች። ቃሉ ያው የቤት እመቤት ነው፤ በአፍ ተጎርዶ ትርጉሙ ዓይን አውጣ ሴት ሆኖ ቁጭ አለ። «ማስተር»ና «ሚስትረስ»ም ባልና ሚስት ሆነው አንድ ቤት ያስተዳድሩ ነበር። ማስተር ዛሬ ሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ ሚስትረስ ውሽማ ናት። በእንግሊዝኛ ታሪክ ሹመቱ ለወንዱ፣ ሽረቱ ለሴቷ የደረሰበት ምሳሌ እንደዚህ ተደርድሮ አያልቅም። የእኛዋ «እመ ቤት»፣ የቤት እናት፣ ከጓዳ ተነሥታ እስከ ቤተ መንግሥት ማዕረግ መዝለቋ የሚያስመሰግን ነው።

«ጎሲፕ»ንስ ማን ይተወዋል? ሥሩ በእግዚአብሔር የተዛመደ ማለት ነው። የክርስትና አባት፣ የክርስትና እናት፣ በእኛ አበልጅ የምንለው ነበር። ሴቶቹ አበልጆች ምጥ ሲባል ተጠርተው ይሰበሰባሉ፤ ልጁ እስኪወለድ ይቀመጣሉ፤ ሲቀመጡ ይጫወታሉ። ወንዶቹ በር ላይ ቆመው ያን ሁሉ ጨዋታ ሲሰሙ የዘመዳሞቹን ስም ለጨዋታው ሰጡት። አራስ ቤት ገንፎ ዙሪያ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህ ሽረት ከየት እንደመጣ አይጠፋውም። ወንዶቹ በር ላይ ቆመው የሚያወሩት ስም ሳይወጣለት መቅረቱ ግን ያስተዛዝባል።

አንዳንዱ ቃል ደግሞ ሥራውን ለማሽን አስረክቦ ይሄዳል። «ኮምፒዩተር» ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ቁጥር የሚያሰላ ሰው ነበር፤ ደመወዝ የሚበላ፣ ምሳ የሚወጣ። በ1962 ጠፈርተኛው ጆን ግሌን ምድርን ሊዞር ሲዘጋጅ ማሽኑ ያሰላውን ቁጥር የሒሳብ ባለሙያዋ ካትሪን ጆንሰን በእጇ እንድታረጋግጥለት መጠየቁ ይታወቃል። ሰው የሆነው ኮምፒዩተር ብረት የሆነውን ኮምፒዩተር ፈተነ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ለብረቱ ቀረ። «ብሮድካስት»ም ከሬዲዮ በፊት ዘርን በእጅ ዘግኖ ማሳ ላይ መበተን ነበር። ጤፍ የሚበትን ገበሬያችን በዚህ ሒሳብ ከጣቢያ ጋዜጠኞች ሁሉ የቀደመ ብሮድካስተር ነው፤ የሚዘራው ደግሞ መብቀሉ የተረጋገጠ ነው።

እኛስ ዝም ብለን ተመልካች ነን? ኧረ በጭራሽ! የእንግሊዝኛን ቃል ቦሌ ላይ ተቀብለን ሌላ ሥራ የምንሰጥ ዋና ሻሚዎች ነን። «ሙድ» ፈረንጅ አገር የመንፈስ ሁኔታ ነው፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ተይዞ ሰው ይቀለድበታል። «ፕሮሰስ» በዓለም ላይ ማንኛውም ሂደት ነው፤ እኛ ዘንድ «ልጁ ፕሮሰስ ላይ ነው» ከተባለ ወዴት አገር ነው እንጂ ምን ዓይነት ፕሮሰስ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ሃይላንድ» የአንድ የታሸገ ውኃ የንግድ ስም ነበር፤ ዛሬ ባዶው ጠርሙስም፣ ኬሮሲን የተሞላውም፣ የአረቄ ማመላለሻውም ሃይላንድ ነው። «ታክሲ» ለንደን ላይ አንድ ሰው ብቻውን ኮርቶ የሚሳፈርበት ነው፤ እኛ ጋ ግን ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ካላለበት ታክሲነቱ አይታመንም።

ከሁሉ የምትበልጠው ግን ቲቸር በየማታው የሚቀመጡባት ናት። አንድ ምሽት በቃላት መበላሸት ሲብሰለሰሉ አላስችል ቢለኝ፣

«ለመሆኑ ቲቸር፣ አሁን የት ነው የተቀመጥነው?» አልኳቸው።

«ግሮሰሪ ነዋ።»

«ግሮሰሪ በመዝገበ ቃላትዎ ምን ይሸጣል?»

ብርጭቆአቸውን አዩት። ስኳር፣ ሩዝና ሳሙና የሚሸጥበት ቤት መሆኑን እያስተማሩ ነው ጡረታ የወጡት።

«ይሄማ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይሄማ የተለመደ ነው።»

ስዊፍትን፣ ጆንሰንንና የኦክስፎርድን ሊቃውንት ሁሉ ላብ ያጠለቀው ነገር በአንዲት ዓረፍተ ነገር አለቀ። የተለመደ ብልሽት ቋንቋ ይባላል፤ ያልተለመደ ቋንቋ ብልሽት ይባላል። ትክክለኛ እንግሊዝኛ ማለትም ተናጋሪው አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው የተማረው ነው።

በነገራችን ላይ ግሮሰሪ ላይ ቲቸር ብቸኛ አይደሉም፤ አብረዋቸው የሚቀመጡ ትልቅ ሰው አሉ። ቃሉ መነሻው በጅምላ መሸጥ ነው፤ የለንደን በርበሬና ቅመም ነጋዴዎች ማኅበር በዚህ ስም ከ14ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ይታወቃል። አሜሪካ ተሻግሮ ግን በ19ኛው ምዕተ ዓመት በየመንደሩ መለኪያ የሚገለበጥበት ቤትም ግሮሰሪ ይባል ጀመር። በ1858 ነሐሴ ላይ ኢሊኖይ ውስጥ ኦታዋ በምትባል ከተማ ስቲቨን ዳግላስና አብርሃም ሊንከን ለምርጫ ሲከራከሩ፣ ዳግላስ ተቀናቃኙ በወጣትነቱ ግሮሰሪ ነበረው ብሎ አደባባይ ላይ ወረፈው። ሊንከንም በዓለም ላይ የትም ቦታ ግሮሰሪ ይዤ አላውቅም ብሎ አስተባበለ። ስኳርና ሳሙና መሸጥ የሚያስተባብሉት ነውር ሆኖ አይደለም፤ ስድቡ አረቄ ሻጭ ነህ ነበር። ስለዚህ የሰፈራችን ባለ ግሮሰሪ ከአሜሪካ የድሮ እንግሊዝኛ ጋር ፍጹም ይግባባል። የማይግባቡት የዛሬዎቹ ናቸው። ሜሪላንድ ያለች ልጅ ለእናቷ ስትደውል «እማዬ፣ ግሮሰሪ ነኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳልመጣ አልቀርም» ብትል፣ ልጅቷ ቲማቲም እየመረጠች እናት እዚህ ስለት ይሳላሉ።

ለመሰናበቻ ያስቀመጥኳቸው ሁለት ቃላት ናቸው፤ «ሲሊ»ና «ናይስ»። ሲሊ በጥንቱ እንግሊዝኛ ብፁዕ፣ የተባረከ ነበር። የተባረከ ሰው የዋህ ነው፣ የዋህ ሰው ያሳዝናል፣ የሚያሳዝን ሰው ይሞኛል እየተባለ አንድ አንድ ደረጃ ሲወርድ ከርሞ ዛሬ ጅል ማለት ነው። ናይስ ደግሞ ከላቲኑ «ነሲዩስ»፣ ከማያውቀው ሰው፣ የመጣ ነው፤ በ1300 አካባቢ እንግሊዝኛ ሲገባ ደንቆሮ፣ ሞኝ ማለት ነበር። ከዚያ ቅብጥብጥ ሆነ፤ ከዚያ ጥንቁቅ፣ ምርጥ፤ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ደስ የሚል ሆኖ ወጣ። ጄን ኦስተን ከሞተች በኋላ በታተመው «ኖርዛንገር አቢ» በተባለው ልቦለዷ፣ ሄንሪ ቲልኒ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ናይስ ለሁሉም ነገር መጠሪያ ሆነ እያለ በአንዲት ወጣት ይቀልዳል። ጻድቁ ሲወርድ ሞኙ ሲወጣ፣ ሁለቱ ደረጃው ላይ ተላልፈው ሳይተዋወቁ አልቀሩም።

ይህንን ጉዞ ከማንም በላይ የምንረዳው እኛ ነን፤ «ጨዋ» አለንና። በጥንቱ ዘመን ጨዋ የንጉሥ ጭፍራ ስም ነበር። በቤተ ክህነት ሰዎች አነጋገር ደግሞ ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ ድጓ ያልዘለቀ፣ ቅኔ ያልቀመሰ ምእመን ነው። ዛሬ ሙሽራ የሚመረጥበት፣ የቤት አከራይ ተከራዩን የሚያመሰግንበት ቃል ነው። ናይስ ባሕር ማዶ የሄደበትን መንገድ ጨዋ እዚሁ ሄዶታል፤ ከአላዋቂነት ተነሥቶ ደግነት ላይ ደርሷል። ሁለት ሕዝቦች ሳይመካከሩ ብዙ የማያውቅ ሰው አብሮ ለመኖር ይመቻል ብለው ወስነዋል ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው «ናይስ ሰው ነዎት» ቢልዎ ከማመስገንዎ በፊት ዕድሜውን ይጠይቁ። ሠላሳ ከሆነ እጁን ጨብጠው ይለፉ፤ ሰባት መቶ ከሆነ ሰድቦዎታል። «ጨዋ ነዎት» ካለዎት ደግሞ ራሱ ላይ ጥምጣም እንዳለ ልብ ይበሉ፤ ከጠመጠመ፣ ደስ ከመሰኘትዎ በፊት ሰሙን ከወርቁ ይለዩ።